ቤቴ ውሰጂኝ

ስህተት ማረም እንጀራዬ ነው። ቡታጅራ ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ ቀይ እስክሪብቶ ከእጄ አይጠፋም፣ ቤት ስገባም ከአፌ አይጠፋም። ጎረቤቶቼ «አንቺ እኮ ሰላምታም ታርሚያለሽ» ይሉኛል። አልቀየማቸውም፤ እውነታቸውን ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በአባቴ ላይ ያደረግኩት ነገር ከክፋት የመጣ እንዳይመስል ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በወጣትነቱ ራሱ ጭቃ አቡክቶ በሠራው ቤት በረንዳ ላይ፣ ዕድሜውን ሙሉ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ ኖሯል። የተማሪው ዩኒፎርም፣ የሙሽራው ኮት፣ የበዓሉ ጀለቢያ ሁሉ በእሱ እጅ አልፏል። ጨርቅ የሚያሰምርባት የደረቀች የሳሙና ቁራጭ ከደረት ኪሱ አትጠፋም ነበር። እናቴ ከሞተች ቆይታለች። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ይነግዳል። እኔ አላገባሁም፤ ለምን እንዳላገባሁ የሚጠይቁኝ ሰዎች መልሱን ከእኔ በላይ ስለሚያውቁት ለማስረዳት አልደክምም። ቤቱ ውስጥ የቀረነው አባቴና እኔ ነን።

መርሳት የጀመረው በጥቂት በጥቂቱ ነው። የአንዱን ሱሪ ለሌላው ጠቅልሎ ሰጠ። አንድ ቀን ኮት ላይ ሦስተኛ እጅጌ ሊተክል ሲታገል አገኘሁትና መቀሱን ከእጁ ተቀበልኩ። ያን ቀን ሥራ አቆመ። መኪናውን ከበረንዳው አንስተን ሳሎን ውስጥ፣ ከአሮጌው አግዳሚ ወንበር ፊት አስቀመጥንለት፤ ከሰዓት በኋላ ክር ሳያስገባ ቁጭ ብሎ ይረግጠዋል። ያን ጊዜ የሰው ስም ይረሳ ነበር እንጂ ቤቱን አይረሳም ነበር። ከአልጋው ይነሳል፣ በግራ እጁ ግድግዳውን እየዳበሰ ይሄዳል፣ ግድግዳው ሲያልቅ በሩን ያገኛል። ሲሰግድ ምንጣፉን ወደ ትንሿ መስኮት ያነጥፋል፤ ቂብላው ወዴት እንደሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ግድግዳው ከወገብ በታች አረንጓዴ፣ ከወገብ በላይ ነጭ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ቀለም ነው፤ ተላልጦ ስለነበር ሰው ሲመጣ ያሳፍረኝ ነበር።

በእኛ አገር አረፋ ሲደርስ ቤት ይታደሳል። አዲስ አበባና ሌላም ቦታ የተበተነው ሁሉ ለአረፋ ወደ ቤተሰቡ ይገባል፤ የሚገባው ሰው ደግሞ ያለፈው ዓመት ግድግዳ ሊጠብቀው አይገባም። የገጠሩ ቤቱን ይለቀልቃል፣ ከተሜው ቀለም ይቀባል፣ አቅም ያለው ወለሉንም ይቀይራል። ቤቱን ሳያሳምር አረፋን የተቀበለ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል ተብሎ ይወራበታል። እናም ባለፈው ዓመት ወንድሜ ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ በጭነት መኪና ሶፋ፣ ቡፌ፣ ትልቅ ቴሌቪዥንና ብዙ ጣሳ ክሬም ቀለም ላከ። ቀለም ቀቢው መጣ። ኮርኒሱ ተቀየረ፣ ወለሉ ላይ የእንጨት መልክ ያለው ፕላስቲክ ተነጠፈ። የአባቴ አልጋ የነበረበት ማዕዘን ሶፋ ገባበት፤ አልጋው ወደ ጓሮው ክፍል ሄደ። አግዳሚ ወንበሩና የስፌት መኪናው ዕቃ ቤት ገቡ። ቆሜ ያሠራሁት እኔ ነኝ። አንዷ ጥግ ሳትቀባ ብትቀር ሠራተኛውን እመልሰው ነበር።

«ያባት ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» ይባላል። እኛ ያባታችንን ቤት የዘረፍነው በቀለም ብሩሽ ነው፤ ደግሞም ጎረቤቱ ሁሉ እያጨበጨበልን።

የአረፋ ቀን ቤቱ ሞላ። ወንድሜ ከነልጆቹ መጣ፣ ጎረቤት መጣ፣ የሩቅ ዘመድ መጣ። የገባው ሁሉ «ማሻአላህ፣ አሁን ገና ቤት ቤት ሸተተ!» ይላል። አባቴን ነጭ ጀለቢያ አልብሰን ሶፋው ላይ አስቀመጥነው። ሲያበሉት ይበላል፣ ሰላም ሲሉት ይመልሳል፣ እግሮቹን ግን ገጥሞ እንደ እንግዳ ጠርዙ ላይ ነበር የተቀመጠው። ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ በዕድሜ ትልቁ እሱ ነውና ዱዓ አድርግልን ተባለ። እጆቹን ዘረጋ።

«አላህ ይስጣችሁ» አለ። «ማዕዳችሁን አያጉድል። ቤታችሁ ያማረ ነው፣ አላህ ይባርክላችሁ። እኔ እንግዲህ ልሂድ፤ ልጄ ብቻዋን ናት።»

ከዚያ ከዘራውን ፈልጎ ተነሳ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሜ «አባ ደግሞ ቀልድ አይሰለቸው!» ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያ ሳቅ ዛሬም ያቃጥለኛል።

በዓሉ አልፎ ሁሉም ወደየመጣበት ሲመለስ እኔና አባቴ አዲሱ ቤት ውስጥ ተፋጠጥን። ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ጫማውን አድርጎ፣ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ከዘራውን ይዞ በር ላይ ይቆማል።

«ቤቴ ውሰጂኝ።»

«አባ፣ ይሄ እኮ ቤትህ ነው።»

«የእኔ አይደለም።»

«ራስህ ነህ የሠራኸው። ጭቃውን ያቦካኸው አንተ ነህ።»

«እንጃ ልጄ። የእኔ እንዲህ አይደለም።»

እኔ ደግሞ የተሳሳተ መልስ አይቼ ማለፍ አልችልም። አንድ ቀን የቤቱን ካርታ ከሳጥን አውጥቼ ስሙን ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ተምሬያለሁ የምለው እኔ፣ በበሽታ የተያዘን ሽማግሌ በሰነድ ልረታ! አባቴ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ይሄ ጥሩ ሰው ነበር፤ የት ሄዶ ነው?» አለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞሮ ሲሰግድ አገኘሁት። ትንሿ መስኮት በቡፌው ተሸፍናለች፤ በምን ይወቃት? ሶላት ላይ ያለን ሰው ትከሻውን ይዤ አዞርኩት። አሰላምቶ ሲጨርስ እንደ ተቆጡት ሕፃን ዓይኑን ከእኔ አሸሸ።

ብቸኝነት ሰው ማጣት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ምሳውን በፊቱ ሳስቀምጥለት አባቴ «አላህ ይስጥልኝ፣ አስቸገርኳችሁ» ይለኛል፤ ምግብ ቤት የገባ ጨዋ ደንበኛ እንደሚለው። «አስቸገርኳችሁ» የተባልነው እነማን ነን? ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩ እሰማለሁ፣ ተራዬ ሲደርስ ደብተር ማረም እጀምራለሁ። ማታ ወንድሜ ይደውላል፤ «አባ ደህና ነው?» ይላል፤ «ደህና ነው» እላለሁ፤ ሌላ የምንባባለው የለንም።

አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ክፍት ነው፣ አባቴ የለም። መስጊድ ፈለግኩ፣ ገበያ ፈለግኩ፣ ባጃጅ ይዤ ከተማውን ዞርኩ። ለካ መናኸሪያ ሄዶ ቆሼ ከተማ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ሾፌሩ ያውቀው ኖሮ ከመንገድ መልሶ አመጣልኝ። «የሠርግ ሱሪዬን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው፤ ወዴት ነው ስላቸው ወደ ቤቴ ነው አሉኝ» አለኝ። እጁን ስሜ አመሰገንኩት። ለወንድሜ ስነግረው ቆርጦ ተናገረ። ቤቱን ካልተቀበለ፣ በር በሩን ማለቱን ካልተወ፣ በሚቀጥለው አረፋ መጥቶ አዲስ አበባ ይወስደዋል። የወንድሜ ቤት ኮንዶሚኒየም ላይ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ በሩም ይቆለፋል።

እውነቱን ልናገር። የፈራሁት ለአባቴ ብቻ አልነበረም። እሱ ከሄደ ያ የሚያብረቀርቅ ቤት ውስጥ ከሶፋውና ከቴሌቪዥኑ ጋር የምቀረው እኔ ነኝ።

አረፋ ሁለት ወር ሲቀረው የእንግሊዝኛው አስተማሪያችን አንድ ፍላሽ ሰጠኝ። «ቲቸር፣ ውስጡ አንድ ፊልም አለ። እንደ አባትሽ ያለች ሴትዮ ናት፤ እይው» አለኝ። ፊልም አልወድም፤ ሰው ሲዋሽ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብሎ ማየት ምን ይባላል? ግን ቅዳሜ ጠዋት ፈተና ለማረም ትምህርት ቤት ስገባ የመምህራን ክፍሉ ባዶ ስለነበር የትምህርት ቤቱን ላፕቶፕ ከፍቼ ከጎኔ አደረግኩት።

የውጭ አገር ፊልም ነው። ባቡር ጣቢያ ቲኬት ስትሸጥ ኖራ ጡረታ የወጣች አሮጊት ናት፤ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች። መጋረጃዋ ሰማያዊ ነው። ረጅም፣ መላጣ ልጇ ዳቦ ይዞላት ይመጣል፣ ኮቱን ሳያወልቅ ይቀመጣል። ሴትዮዋ ሻይ ልታፈላ ወጥ ቤት ገብታ ትመለሳለች። ስትመለስ መጋረጃው ቀይ ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደግሞ አጭር፣ ጢማም ሌላ ሰውዬ ነው፤ የልጇን ኮት ለብሷል፣ «እማዬ፣ ምነው ቆየሽ?» ይላታል።

አቆምኩት። ወደ ኋላ መልሼ አየሁ። ያው ነው። ለእንግሊዝኛው አስተማሪ ደወልኩ።

«ፍላሽህ ተበላሽቷል። ሁለት ፊልም ቀላቅሏል» አልኩት።

«አልተበላሸም ቲቸር፣ ዝም ብለሽ እይው።»

«ምን ዝም ብለሽ ትለኛለህ? ልጅየው ተቀይሯል እኮ! መጋረጃውም ተቀይሯል!»

«ለእሷ ነው የተቀየረው» አለኝና ስልኩን ዘጋ።

ነገሩ አልገባኝም። እንዲያውም ልማዴ ሆኖ ከአንድ ተማሪ ወረቀት ጀርባ ላይ የፊልሙን ስህተቶች በቀይ እስክሪብቶ መመዝገብ ጀመርኩ። መጋረጃው። ልጅየው። በግራ የነበረው የወጥ ቤት በር በቀኝ ሆኗል። ግድግዳ ላይ የነበረው ሰዓት የለም። ሴትዮዋ በሩ ወደነበረበት ሄዳ ግድግዳ ስትዳብስ አየኋት፤ በእጇ፣ በዝግታ፣ እዚህ ነበር እኮ እያለች። እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆመ። ያን እጅ አውቀዋለሁ።

ፊልሙ ሴትዮዋን አያሳይም ነበር ለካ፤ እሷ የምታየውን ነበር የሚያሳየው። ትክክለኛው መጋረጃ የትኛው እንደሆነ እስከ መጨረሻው አይነግርህም። ጢማሙ ሰውዬ «እኔ እኮ ነኝ ልጅሽ! ስንት ጊዜ ልንገርሽ?» ሲላት፣ ድምፁ የእኔ ድምፅ ነው፤ ሰሌዳ ፊት ቆሜ የማወጣው። አንድ የማታውቀው ሰው ቤቷ ገብቶ፣ የልጇን ኮት ለብሶ፣ ልጅሽ ነኝ ብሎ ይቆጣታል። እሷ ደግሞ ሰውየው እንዳይቀየም ፈገግ ትልለታለች። አባቴ ለእኔ ፈገግ የሚልልኝ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ይፈራኛል። አባቴ እኔን ይፈራኛል።

ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። የጥበቃው ሰውዬ ገብቶ ምን ሆንሽ ሲለኝ ጉንፋን ነው አልኩት። ፈተናዎቹ ሳይታረሙ ቀሩ፤ በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቤት ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት አረንጓዴውን ቀለም መፈለግ ነው። ቀለም ቀቢው፣ ከሁሉም ግድግዳ አንድ ቦታ ብቻ ሰንፎ ነበር፤ ከመብራት ቆጣሪው ጀርባ። በቢላ ፈቅፍቄ የጥፍር ያህል አወጣሁ፣ በመሐረብ ጠቅልዬ ቀለም ቤት ሄድኩ። ባለሱቁ ቁራጯን ወደ ብርሃን ይዞ አያት። «ይሄንን ቀለም አሁን ማን ይቀባዋል? ከሆነልሽ በጥብጬ ላቀራርብልሽ» አለ። ሦስቴ አስበጠበጥኩት፤ ሦስተኛው ላይ ቁራጯ ጣሳው ክዳን ላይ ከተቀባው ጋር ተመሳሰለች።

ወንድሜ ሲሰማ ጮኸ። «አብደሻል? ሰው ለአረፋ ቤቱን ያሳምራል፤ አንቺ ያማረውን ታስረጃለሽ? እንግዳ ምን ይላል?»

«እንግዳውማ ዓመቱን ሙሉ አብሮኝ ነው የሚኖረው» አልኩት።

«እሺ፣ ያሻሽን አድርጊ» አለ ኋላ። «ስመጣ አሁንም በር ላይ ቆሞ ካገኘሁት ግን አልሰማሽም፤ እወስደዋለሁ።»

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። አባቴን ቀን ቀን ከጎረቤታችን ሱቅ አስቀምጬው ዋልኩ። ሶፋው ተሸጠ፣ ቴሌቪዥኑ ወደ እኔ ክፍል ገባ፣ ቡፌው ተነስቶ ትንሿ መስኮት ተከፈተች። አልጋው ወደ ማዕዘኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ ወደ ቦታው ተመለሱ። የስፌት መኪናውን አቧራውን ጠርጌ ዘይት ሰጠሁት። ሳጥኑ ውስጥ የደረቀች የሳሙና ቁራጭ አገኘሁ፤ እሷንም እዚያው ተውኳት። የጎረቤቴ ሚስት በር ላይ ቆማ «ሰው ወደፊት ያድሳል፣ አንቺ ወደ ኋላ» እያለች ትስቃለች። ትሳቅ።

በሁለተኛው ቀን ከአስር በኋላ ልወስደው ሄድኩ። ከዘራውን ይዞ ሱቁ በር ላይ ቆሟል።

«ቤቴ ውሰጂኝ» አለኝ።

«እሺ፣ ና እንሂድ» አልኩት።

ይህን መልስ ሰጥቼው አላውቅም ነበር። ዓይኖቹ አበሩ። ቤታችን ሁለት እርምጃ ነው፤ እኔ ግን መንገድ የሄደ ይምሰለው ብዬ ክንዱን ይዤ በመስጊዱ በኩል፣ በገበያው ዳር አዞርኩት። እየሄድን ስለ ቤቱ ነገረኝ። አረንጓዴ ነው አለኝ። መኪናዬ እዚያ አለች አለኝ። ከዚያ ደግሞ፦

«ልጅ አለችኝ። አስተማሪ ናት። ቁጡ ናት፣ ሰው አይችላትም፤ እኔን ግን በጣም ትወደኛለች። ስዘገይ በር ላይ ወጥታ ትጠብቀኛለች።»

«ጥሩ ልጅ ናት?» አልኩት።

«እሷን የመሰለ የት አለ!» አለ።

በሩን ከፍቼ ወደ ጎን ቆምኩ። ገባ። ቀለሙ ገና ይሸታል። ግራ እጁን አነሳና ግድግዳውን ነካ። ቆመ። ከዚያ እየዳበሰ ሄደ፣ አልጋውን አለፈ፣ አግዳሚ ወንበሩን በጉልበቱ ነካ፣ ከዘራውን ሁልጊዜ በሚያስደግፍበት ቦታ አስደገፈ፤ ሳያይ። ስንት ወር ሙሉ እኔ ካላወለቅኩለት የማያወልቀውን ጫማ ራሱ አወለቀ። የመስገጃ ምንጣፉን አንስቶ ወደ ትንሿ መስኮት አነጠፈ። አስርን ሰግዶ ነበር፤ ግድ የለም፣ ደገመው። ሲጨርስ ፊቱን በመዳፎቹ አብሶ «አልሃምዱሊላህ፣ ገባሁ» አለ።

በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ወንድሜ አይወስደውም አልኩ በልቤ፤ ከእንግዲህ ማን ከዚህ ያነሳዋል? አባቴ መኪናው ፊት ተቀመጠ፣ ሳሙናዋን ከሳጥኑ አውጥቶ ደረት ኪሱ ከተተ፣ እግሩን መርገጫው ላይ አደረገ። ከዚያ ቀና ብሎ በሩ ጋ እንደቆምኩ አየኝ። ፊቱ ላይ ፍርሃት የለም። እንደዚያ በፍቅር ካየኝ ዘመን አልፎ ነበር።

«አንቺ ልጅ» አለኝ፣ «አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ። አደረስሽኝ። በይ አሁን አትቁሚ፣ ሊመሽ ነው፤ አባትሽ ያስባል።»

አፌን ከፈትኩ። እኔ ነኝ አባ፣ ልጅህ እኮ ነኝ፣ ሊወጣ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከዚያ ጢማሙን ሰውዬ አስታወስኩት።

«እሺ፣ ልሂድ» አልኩት። «ልጅዎ መቼ ትመጣለች?»

«አትቆይም፣ ከትምህርት ቤት ናት» አለኝ።

ወጥቼ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁ። ከውስጥ መኪናው መረገጥ ጀመረ፤ ክር የለውም፣ ድምፁ ግን የልጅነቴ ድምፅ ነው። የምሄድበት ሌላ ቤት ስላልነበረኝ፣ እስኪጨርስ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ።